የማይ ጭሆቱ ሸርጣን

አቦይ ዘርእዝጊ ሞተው የተገኙት ከሸርጣናቸው ሥር ነው።

ወይዘሮ የሺሀረግ እንደ ወትሮው ትኩስ ባኒ ዳቦ ይዘው የሳሎኑን በር ገፋ ሲያደርጉ መጀመሪያ ያዩት የሽማግሌውን ፊት አልነበረም፤ ሶፋውን ከዳር እስከ ዳር ሸፍነው የተጋደሙትን እነዚያን ረጃጅም እግሮች ነው። ባኒው ከእጃቸው ወደቀ። ደፉን ሳይሻገሩ እዚያው ቆመው «ዳናይት! ነይ! አውሬው ሰውዬውን ጨረሳቸው!» ብለው ሲጮኹ ከጎረቤት ያልወጣ ሰው አልነበረም።

ሸርጣኑ ወንዝ ዳር እንደሚታየው ዓይነት አይደለም። ከጃፓን ባሕር ጥልቅ የወጣ ነው። ገላው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ያህላል፤ እግሮቹ ሲዘረጉ ግን ከሳሎኑ አንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ለመድረስ ትንሽ ነው የሚቀራቸው። አቦይ ዘርእዝጊ በጭነት መርከብ ላይ ሲሠሩ በነበረበት ዘመን ያመጡት ነው። ደርቆ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ ከሶፋው በላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ከሃያ ዓመት በላይ ሰውን ቁልቁል ሲያይ ኖረ። ስለ እሱ የማይወራ ነገር አልነበረም። የሰመጡ መርከበኞችን ሬሳ እየፈለገ ይበላል ይሉታል። እግሩ ቢቆረጥ መልሶ ያበቅላል ይሉታል። አስመራ፣ ማይ ጭሆት ሰፈር ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ «ለሸርጣኑ እሰጥሃለሁ» ከተባለ እንባውን ይውጣል። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት ርኩስ ነው የሚሉት ምእመናን ደግሞ ሽማግሌውን ሊጠይቁ ሲመጡ ወንበራቸውን ከሥሩ ሸሸት አድርገው ነበር የሚቀመጡት። ምሽት ላይ መብራት ሲበራ የእግሮቹ ጥላ በግድግዳው ላይ ይረዝማል፤ ወይዘሮ የሺሀረግ ያን ጥላ ባዩ ቁጥር ያማትባሉ።

እሳቸው የጎንደር ሰው ናቸው። ልጃቸው ለአስመራ ሰው ተድራ ዳናይትን ወለደች። ባልና ሚስቱ ተከታትለው ሲያልፉ አያትየው ልጅቷን ሊያሳድጉ መጥተው በዚያው ቀሩ። ነጻነት ሲገባ የሚያውቁት አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። እሳቸው አልሄዱም፤ ልጅቷ የዚህ አገር ልጅ ናት፣ እሳቸው ደግሞ ከልጅቷ ሌላ አገር የላቸውም። አቦይ ዘርእዝጊ ከቪላቸው ጀርባ ያለውን ሰርቪስ ሰጥተው «እስከፈለጋችሁ ድረስ ኑሩ» አሏቸው፤ ኖሩ። ይሁንና በር በተንኳኳ ቁጥር ወይዘሮ የሺሀረግ ልጅቷን በዓይናቸው ይፈልጋሉ። ልጅቷን የሚወስድባቸው ሰው መጥቶ ይሆን?

የትናንቱ ምሽት ደግሞ ከሐሳባቸው አልወጣም። ሊመሽ ሲል ከሳሎኑ በኩል ሸክላ የተከሰከሰ የሚመስል ድምፅ ሰምተዋል። ሊያዩ አልወጡም፤ አውሬው የወረደ መስሏቸው በራቸውን ቀርቅረው ውዳሴያቸውን ደገሙ። ዳናይት ለሽማግሌው ሻሂ ልታደርስ ወጥታ ገና አልተመለሰችም ነበር። ቆይታ መጣች፤ እያለከለከች። የት እንደቆየች አልጠየቋትም። መጠየቁን ፈሩት።

መርማሪዋ አጠር ቀጠን ያለች ሴት ነበረች፤ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ከትግል ሜዳ ያመጣችውን የፕላስቲክ ጫማ ገና ያላወለቀች። ስሟ ሓረጉ ነው። አማርኛ የተማረችው በትግሉ ዘመን የጠላትን ሬዲዮ እያዳመጠች ነበርና፣ ስትናገር ከጦር ግንባር መልእክት የምታስተላልፍ ትመስላለች።

«አስከሬኑን ያገኘ ማነው?»

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«ነክተውታል አደይ፣ እናቴ?»

«ምን ቆርጦኝ! ደፉንም አልተሻገርኩ። ያ ነገር እላያቸው ላይ ተኝቶ እያየሁት?»

«ሌላ ሰው ገብቷል?»

«ማን ደፍሮ! እናንተ እስክትመጡ እዚሁ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሁሉም ከዚህ እያየ ነው የተመለሰ።»

«ጽቡቕ» አለች ሓረጉ፤ ጥሩ ማለቷ ነው። ከዚያ ብቻዋን ገባች።

ወይዘሮ የሺሀረግ ከበሩ ሆነው ያዩዋት ነበር። ሴትየዋ እንደ ሌላው ሰው ሸርጣኑን አይታ አልደነገጠችም። ተንበርክካ ወለሉን አየች። ከሽማግሌው ጭንቅላት የፈሰሰው ደም ሸክላው ወለል ላይ ረግቷል፤ የተሰባበረው የሸርጣን ቅርፊት ከደሙ ላይ ተበትኗል። አንዱን ስባሪ በጥፍሯ አንስታ ከሥሩ አየችው። ደም አልነካውም ማለት ይቻላል። ቀና ብላ ገመዱን ተመለከተች፤ ግድግዳው ላይ ካለው ብረት ጋር የታሰረበት ቋጠሮ እንዳለ ነው፣ ከቋጠሮው በላይ ግን ተቆርጧል። የሻሂው ትሪ ላይ ሁለት ብርጭቆ፣ ግማሽ ሎሚና ቢላ አሉ። ቢላው ላይ የገመዱ ክር ተጣብቋል። በሩቅ ጥግ የአቦይ ዘርእዝጊ የወይራ ከዘራ ቆሟል። ጫፉን ዳሰሰችው።

«እኒህ ሰው ያለ ከዘራ ይሄዳሉ?»

«ኧረ ልጄ፣ ቀኝ እግራቸው ከመርከብ ጀምሮ ሰንካላ ነው። ከእጃቸው አይለይም።»

«ታዲያ ከጥጉ እስከ ሶፋው በምን መጡ? በዚያ ላይ ጫፉ ገና እርጥበት አለው፤ ታጥቧል።»

ሓረጉ መልስ ሳትጠብቅ በሟቹ ፊት ላይ ጎንበስ አለች። ዓይናቸው ተከድኗል። የአንገት ልብሳቸው በሥርዓት ታጥፎ አገጫቸውን ደግፏል። አፋቸው ግጥም ብሏል። ጆሮ ግንዳቸው ላይ ያለው ቁስል ባይኖር ኖሮ የተኙ ያስመስላቸው ነበር።

በመጨረሻ ጣቷን በሸርጣኑ ጀርባ ላይ አሳለፈችና ጣቷን አየችው።

«ይህ ፍጥረት ከእኔ አልጋ የበለጠ ንጹሕ ነው። አቧራ የለውም። ማነው የሚወለውለው?»

ዳናይት ነበረች የምትወለውለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገመዱን ፈትታ ታወርደዋለች፤ አያትየው ደግሞ ስትጨርስ እጇን በሎሚ አሳሽተው፣ በላዩ ጸበል አፍስሰው፣ ገና ከዚያ በኋላ ነው እቤታቸው የሚያስገቧት። አሁን «እሷ ናት» ቢሉ «ገመዱን የምታውቀው እሷ ናት፣ የጣለችው እሷ ናት» ሊሏት አይደል?

«ማንም!» አሉ ፈጥነው። «ኧረ ማንም አይነካው። የእኔ ልጅማ በጣቷም ነክታው አታውቅ!»

ከኋላቸው የቆመችው ዳናይት አንገቷን ደፋች። ሓረጉ አየቻት።

ምርመራው ግቢው ውስጥ፣ ቡገንቪሊያው ሥር ቀጠለ። ወይዘሮ የሺሀረግ ሻሂ እያመላለሱ ከአጠገባቸው አልራቁም፤ ልጄን ምን ይሏት ይሆን እያሉ የሰው አፍ አፍ ያያሉ።

መጀመሪያ የተቀመጠው የሟቹ የእኅት ልጅ ሩፋኤል ነበር። ለሕዝበ ውሳኔው ከሚላኖ መጥቶ በዚያው የቆየ፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ ሰው ነው።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ። «ሻሂውን ያመጣች ያቺ ልጅ። ቢላውን ያመጣች እሷ። እነዚህን ሰዎች አስወጧቸው ብዬ ስንቴ ለመንኳቸው! ወደ አገራቸው ባቡር እንኳ ባይኖር አውቶቡስ አለ።»

«ለምን ይገድሏቸዋል?»

«ቤቱን እኔ ልረከብ ስለሆነ ነዋ። እኔ ከተረከብኩ እንደሚወጡ ያውቃሉ።»

«ታዲያ አንተን በገደሉህ ነበር።»

ሩፋኤል ጎንበስ ብሎ የሚያበራውን ጫማውን በመሀረብ ወለወለ።

«ሳሎን ግድግዳው ላይ ፎቶህን አየሁ» አለች ሓረጉ። «ሸርጣኑን እንደ ኮፍያ ጭንቅላትህ ላይ ደፍተህ።»

«የፋሲካ ለት ነው። አጎቴ ገመዱን ፈትተው አወረዱልኝ። እኔ ልፈታው ሞክሬ ጥፍሬ ተሰበረ፤ የመርከበኛ ቋጠሮ ነው። ምሽቱን ግን ከተማ ነበርኩ። ማኪያቶ ጠጥቼ፣ አምሽቼ፣ በጓሮ በኩል ወደ ክፍሌ ገባሁ። ሳሎኑን አላየሁትም።»

ቀጥላ ዳናይት ተጠራች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ተቀመጠች።

«ሻሂ አደረስኩላቸው። ሁለት ብርጭቆ አድርጊው፣ እንግዳ አለብኝ አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ያፏጩ ነበር።»

«እንግዳው ማነው?»

«አልነገሩኝም።»

«ከዚያ ወዴት ሄድሽ?»

ልጅቷ በዓይኗ ጥግ አያቷን አየች። «ፌርማታ።»

«አውቶቡስ ልትሳፈሪ?»

«ኣይፋል፣ አይደለም… ቢኒያምን ላገኘው።»

«የቱ ቢኒያም?» አሉ ወይዘሮ የሺሀረግ የሻሂ ብርጭቆውን በአየር ላይ እንደያዙ። «ያ ፍሬን በሌለው ብስክሌት የሚከንፈው ነው? ቆይ ብቻ አንቺ!»

«ዓባየይ፣ አያቴ፣ በናትሽ…»

«አደይ፣ አንድ ምርመራ በአንድ ጊዜ» አለች ሓረጉ። ቆጣ ይበሉ እንጂ ወይዘሮ የሺሀረግ ደረታቸው ላይ የነበረው ድንጋይ ትንሽ ቀለል ብሏቸዋል። ልጅቷ ያለከለከችው ከወንድ ልጅ ዘንድ ስትሮጥ መጥታ ነው! እሰይ!

«ሸርጣኑን ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

ዳናይት እንደገና ወደ አያቷ ዞረች። አያትየው በዓይናቸው ለመኗት።

«ኣይፋል» አለች በቀጭን ድምፅ። «አላውቅም።»

ድንጋዩ ተመልሶ ተጫነ።

ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ለምለም ስትመጣ ገና ከሳጥን የወጣ የሚመስል፣ ጥለቱ ቀይ የሆነ ነጭ ነጠላ ለብሳ ነበር። ወይዘሮ የሺሀረግን አንድ ነገር ቆረቆራቸው፤ ሐሳባቸው ከልጅቷ ጋር ስለነበር ግን ምን እንደሆነ ሳይዙት አለፈ። ለምለም በሰፈሩ ሰው ሲሞት ሬሳ ለመገነዝ መጀመሪያ የምትጠራ ሴት ናት። እጇ አይንቀጠቀጥም ይሏታል።

«ትናንት አልመጣሁም» አለች። «ራሴን አሞኝ በጊዜ ተኛሁ።»

«ሸርጣኑ የገደላቸው ይመስልሻል?»

«ታዲያ ምን ይሆናል? ገመዱ አርጅቶ ይሆናል።»

«ስንት ሰው የሚያነሳው ይመስልሻል?»

«እሱን?» ለምለም ወደ ሳሎኑ መስኮት አየችና ፊቷን መለሰች። «አራት ወንድ ይበቃዋል? ስንቱን የበላ ነገር ምን ይቀለዋል።»

«ነጠላሽ ያምራል።»

«ያገኘሁትን ነው የለበስኩት» አለችና ተነሣች።

የመጨረሻው አያ ክፍሉ ነበሩ፤ ዓዲ ኣበይቶ መንገድ ላይ መኪና የሚጠግኑ፣ ድሮ ከሟቹ ጋር በአንድ መርከብ ያገለገሉ። ዓይናቸው በእንባ ቀልቷል።

«ሸርጣኑን ከምጽዋ እዚህ ስንት ሆናችሁ አመጣችሁት?»

«ስንት? የተሸከምኩት እኔ ብቻዬን ነኛ! በአንድ እጄ እሱን፣ በአንድ እጄ ሻንጣዬን። የአውቶቡሱ ረዳት ግን ተሳፋሪ ይነክሳል ብሎ ጣሪያው ላይ አሰረብኝ።»

ወይዘሮ የሺሀረግ በልባቸው፣ አይ የመርከበኛ ጉራ አሉ።

«ገመዱን የሰቀለውስ?»

«ዘርእዝጊ ራሱ። አንዴ ሳብ ካደረጉት የሚፈታ ቋጠሮ ነው፣ ለሚያውቅበት።»

«ሬሳ ይበላል የሚባለው እውነት ነው?»

አያ ክፍሉ እጃቸውን አዩ። «ባሕር ውስጥ የወደቀውን ሁሉ የሚበላ ብዙ ነገር አለ። ተስፋልደት የሚባል ጓደኛችን ነበር፤ የለምለም ባል። በጃፓን ባሕር ላይ ወደቀ ተባለ። ዘርእዝጊ ይህን ይዞ መጥቶ፣ ባልሽን የበላው ይህን የመሰለው ነው አላት። ከዚያ ወዲህ ጥቁሩ ከላይዋ ወርዶ አያውቅም፤ ምስኪን።»

«ሲወድቅ አይተዋል?»

«እኔ ታች፣ ሞተር ክፍል ነበርኩ» አሉ፣ እጃቸውን ማየታቸውን ሳይተዉ።

ሓረጉ ሻሂዋን ጨረሰችና «የቐንየለይ አደይ» ብላ አመሰገነች። ከዚያ ሁሉም ሳሎን እንዲገባ አዘዘች።

አስከሬኑ ተነሥቷል። ሸርጣኑ ግን ከእነ ስብራቱ ሶፋው ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ጉም መስኮቱን ሸፍኖት ክፍሉ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ማንም ወደ ሶፋው አልተጠጋም። ወይዘሮ የሺሀረግ የዳናይትን ክንድ ጭምቅ አድርገው ይዘዋል። ልጅቷ አጠገብ አንድ ፖሊስ ቆሟል፤ እንዲሁ አልቆመም።

«ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው» አለች ሓረጉ። «ቢላው የዳናይት ነው። ሻሂውን ያደረሰች ዳናይት ናት። ሸርጣኑን ነክታው አታውቅም ብላችሁኛል፤ እሷም አያቷም። እንዲህ ከሆነ ይዣት እሄዳለሁ።»

«ወዴት ነው የምትወስጃት!»

«አደይ የሺሀረግ፣ አንድ ጥያቄ ደግሜ እጠይቅዎታለሁ። ይህች ልጅ ዛሬ የት እንደምታድር የሚወስነው መልስዎ ነው። ሸርጣኑን የሚወለውለው ማነው?»

በሓረጉ ፊት ላይ ምንም አይነበብም። ወይዘሮ የሺሀረግ የቱ መልስ እንደሚያድን፣ የቱ እንደሚያጠፋ ሊያዩበት ፈለጉ፤ አጡ። ከሁሉም ወዲያ ሸርጣኑ በደረቁ ዓይኖቹ ያያቸዋል። አሁንም «ማንም» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ጊዜ የዳናይት እጅ በእጃቸው ውስጥ ተንቀሳቀሰ። በሎሚ ብዛት የሻከረ እጅ። ያሻከሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ ይህች ልጅ አያቴ ውሸታም እንዳትባል ብላ ዝም ብላ ልትታሰር ነው!

«እሷ ናት» አሉ። ድምፃቸው ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ገመዱን ፈትታ ታወርደዋለች፣ ወልውላ መልሳ ትሰቅለዋለች። ሽማግሌው ናቸው ያስተማሯት። ዋሽቼሻለሁ ልጄ። መውሰድ ካለብሽ እኔን ውሰጂኝ።»

ሓረጉ የተቆረጠውን ገመድ ከግድግዳው አውልቃ ለዳናይት ሰጠቻት። «እሰሪው።»

ልጅቷ እያለቀሰች በብረቱ ላይ አሠረችው።

«ፍቺው።»

በሁለት ጣቷ ሳብ አደረገችው። ገመዱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«በቃ» አለች ሓረጉ፤ ፖሊሱም በዓይኗ ጥቅሻ ከልጅቷ አጠገብ ሄደ። «ይህች ልጅ አልገደለችም። አደይ፣ ውሸትዎ ሊያሳስራት ነበር፤ እውነትዎ ፈታት። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።»

ወደ ሶፋው ሄደች። ጎንበስ ብላ ያን የሚያህል ፍጥረት በአንድ እጇ ብድግ አደረገችው። እግሮቹ ተንጠልጥለው እንደ ደረቀ አገዳ ተንኳኩ። ለምለም ለማየት አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ባዶ ነው። ሥጋው ከወጣ ስንት ዘመኑ! ይህ ዶሮ አይገድልም። አቦይ ዘርእዝጊ የሞቱት በራሳቸው ከዘራ አንዴ ተመትተው ነው፤ ከዘራው ታጥቦ ጥግ ቆመ። ደሙ ከረጋ በኋላ ነው ሸርጣኑ የወደቀው፣ ስባሪው ከደሙ በላይ ነውና። እንግዲህ ገዳዩ፣ ይህ ነገር ቢወድቅ ሰው ይገድላል ተብሎ ይታመናል ብሎ አስቧል። እንዲህ የሚያስብ ነክቶት የማያውቅ ሰው ነው። አያ ክፍሉ በአንድ እጃቸው ተሸክመውታል። ሩፋኤል ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶታል። ዳናይት በየሳምንቱ ታነሳዋለች፤ ቋጠሮውንም ታውቃለች፣ ገመድ መቁረጥ ምን ያደርግላታል?»

«ታዲያ የቀሩት አሮጊቷ ናቸዋ!» አለ ሩፋኤል።

«አደይ ሬሳውን እንኳ ደፍረው አልቀረቡትም። ገዳዩ ግን ቀርቧል። ዓይናቸውን ከድኗል፤ አገጫቸውን ደግፏል። ሸርጣን ዓይን አይከድንም።» ሓረጉ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይህን ያደረገ ሰው እጁ ለምዶታል። የሞተ ሰው ዓይኑን እንደከፈተ ትቶ መሄድ አልቻለም፤ ራሱ የገደለውን እንኳ።»

የሁሉም ፊት ቀስ እያለ ወደ አንድ ቦታ ዞረ። ያን ጊዜ ነው ጠዋት የቆረቆራቸው ነገር ለወይዘሮ የሺሀረግ የተገለጠላቸው። ያ ነጭ ነጠላ!

«ለምለም» አሉ፣ መናገራቸውንም ሳያውቁት። «ጥቁርሽስ? ጎረቤት በሞተ ማግስት ጥቁርሽን አወለቅሽ?»

«አያ ክፍሉ ስለ ከሏ ሲነግሩኝ የገረመኝ እሱ ነው» አለች ሓረጉ። «ከሃያ ዓመት በላይ የለበሰችውን ከል፣ ሁሉ ሰው ጥቁር በሚለብስበት ቀን አወለቀች። አንዲት ሴት ከሏን እንዲህ የምታወልቀው መቼ ነው? የሞተባት ሰው እንዳልሞተ ስታውቅ። አያ ክፍሉ፣ ተስፋልደት የት ነው?»

አያ ክፍሉ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ጃፓን። ወደብ ላይ ከመርከብ ወርዶ ቀረ። አገባ፣ ወለደ። ከዳት ከምትባል ሞተባት ትባል ብለን ነው፤ እኔና ዘርእዝጊ። ሰሞኑን ስልክ ደወለ። አገራችን ነጻ ወጣች፣ መጥቼ ልያት አለ። ዘርእዝጊ፣ እኔ እነግራታለሁ አለኝ። ትናንት ሊነግራት ነበር።»

ለምለም አላለቀሰችም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«እየሳቁ ነው የነገሩኝ» አለች። «ሻሂ ቀዱልኝና፣ ለምለም፣ ጥቁርሽን አውልቂ፣ ተስፋልደት ሊመጣ ነው አሉኝ። እንደ ምሥራች! ተዝካሩን ስደግስ ቤቴ መጥተው በልተዋል እኮ። አጥንቱ የት ይሆን፣ ባሕር ውስጥ ይበርደው ይሆን እያልኩ ሳለቅስ እንባዬን የጠረጉ እሳቸው ናቸው። ሁለት ሰው ጠይቆኝ ነበር፤ በባሌ ሬሳ ላይ አላገባም ብዬ መለስኩ። የመውለጃ ዕድሜዬን ለሸርጣን ሰጠሁት።» ከሓረጉ እጅ ወደ ተንጠለጠለው ፍጥረት አየች። «እሱ ደግሞ ባሌን ምኑንም አልነካው።»

«አንዴ መታሻቸው።»

«አንዴ። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ብዙ ተቀመጥኩ። ዓይናቸው ያየኛል። ከደንኩት። ሰው ማን ገደላቸው ቢል ምን ይባላል ብዬ ሳስብ ቀና አልኩ፤ ያ ነገር ተንጠልጥሏል። የእኔን ባል በላ ሲባል ሁሉ አምኗል፤ እሳቸውንም በላ ቢባል ማን አያምንም?»

ፖሊሱ ሲጠጋት ራሷ ቀድማ ተራመደች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና ወደ አያ ክፍሉ ዞረች። «ሲመጣ ማን ይቀበለው?» አለች። የጫማዋ ድምፅ በግቢው ጠጠር ላይ እየራቀ ሄደ።

ሩፋኤል ሲጋራ ፍለጋ ኪሱን ዳሰሰ። ክብሪቱ አልበራ አለው። «ሰርቪሱን…» አለ ማንንም ሳያይ። «አትቸኩሉ። እስከፈለጋችሁ ድረስ።» አጎቱ ያሉትን ቃል መድገሙን ራሱም ያወቀ አይመስልም። ወጣ።

ሓረጉ ሸርጣኑን ሶፋው ላይ አስተኛችው። «ልጅዎን ለማዳን ነበር የዋሹት» አለች ለወይዘሮ የሺሀረግ፣ ያ የሬዲዮ ድምፅዋ ለስልሶ። «ሽማግሌውም ለምለምን ከሐሜት ለማዳን ነበር። የእርስዎ አንድ ቀን ሳይሞላው ተመለሰ። ይህ ነው ልዩነቱ።» ጫማዋን እየጎተተች ሄደች።

አያትና የልጅ ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ጉሙ ጨለም አድርጎት ነበርና ዳናይት መብራቱን አበራች። የእግሮቹ ጥላ እንደ ድሮው በግድግዳው ላይ ረዘመ። ወይዘሮ የሺሀረግ ሊያማትቡ እጃቸውን አነሡ፤ ሳይጨርሱት ወደ ሶፋው ሄዱ። ሁለት እጃቸውን ከቅርፊቱ ሥር አስገብተው አነሡት።

እንደ ባዶ ሰፌድ ቀለላቸው።

«ውይ» አሉ ቀስ ብለው። «ይህ ነው? ያን ሁሉ ሰው ያስፈራው ይህ ነው?»

«ዓባየይ፣ እጅሽ! ሎሚ ላምጣ?»

«ተይው» አሉ። ሸርጣኑን እንደተኛ ሕፃን በቀስታ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ በዚያው ባልታጠበ እጃቸው የልጅቷን ሻካራ እጅ ያዙና ጉንጫቸው ላይ አደረጉት።

«ያን ቢኒያምን» አሉ፣ «ነገ እቤት ይዘሽው ነይ። ፍሬኑን ግን መጀመሪያ ያሠራ።»